ስሙን የቀየረ ሁሉ አባቱን ክዷል?

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ስልክ ሲዘዋወር ሰንብቷል። ለእኔ ብቻ አምስት ሰው ልኮልኛል። አንዷ እህቴ ናት፤ እሷማ ሁለቴ ነው የላከችው። ርዕሱ «አባቱን የካደ ስም» ይላል፤ ጉዳዩ አርቲስቶች ለራሳቸው የሚይዙት ስም ነው። አማርኛው ጥሩ ነው፣ ጸሐፊው ቀልድም ያውቁበታል። የተሰራጨውም ለዚህ ይመስለኛል። ዋናው ሐሳቡ ግን ትክክል አይደለም።

ላላነበበው ሰው ጸሐፊው ያሉትን ሳላጣምም ላስቀምጥ። የሚነሱት «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ከሚለው ተረት ነው። መልአክ በወላጅ አፍ ያወጣውን ስም የሚለውጥ ሰው መልአኩንም ወላጁንም እያረመ ነው ይላሉ። ቀጥሎ፣ ሁለተኛ ስም መያዝ ከፈረንጅ የመጣ ፋሽን እንደሆነና አባቶቻችን በአንድ ስም ተወልደው በአንድ ስም እንደተቀበሩ ይነግሩናል። አርቲስቶች በየቃለ መጠይቁ የሚያወሩት «መንፈሳዊ ትርጉም» ደግሞ ለእሳቸው ገበያው ከደራ በኋላ የሚሰፋ ካባ ነው። ለዚህም ዘ ዊኬንድ የሚለውን ስም ጥሎ «ወደ አባቱ ስም የተመለሰውን» ዘፋኙን አቤል ተስፋዬን ምስክር ይጠራሉ። በመጨረሻ በፒያኖ ድርሰታቸው የሚታወቁትን መነኩሴ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ያነሱና፣ ስሙን ገዳም ሰጣቸው እንጂ እሳቸው ስላልመረጡት አይቆጠርም ብለው ያልፋሉ። ጽሑፉ የሚያልቀው «የምታደንቁትን አርቲስት እውነተኛ ስም ከታች ጻፉ» በሚል ግብዣ ነው።

ከተረቱ ልጀምር። ተረቱ «መልአክ» ነው የሚለው፤ «አባት» አይልም። ደግሞስ ይህን ተረት መቼ ነው የምንለው? ሕፃኑ ስም በወጣለት ቀን አይደለም። ሰውየው ኖሮ ኖሮ፣ ሥራው ከስሙ ጋር ሲገጥም ነው «አይ፣ ስምን መልአክ ያወጣዋል!» የምንለው። ወደ ኋላ ተመልሶ የሚነገር ነው። ጸሐፊው መንፈሳዊ ሰው እንደሆኑ ከጽሑፋቸው ያስታውቃል፤ ስለዚህ ያዕቆብን እንዳስታውሳቸው ይፍቀዱልኝ። ሌሊቱን ሙሉ ሲታገለው አድሮ፣ ጎህ ሲቀድ «ከእንግዲህ ስምህ እስራኤል ይባል እንጂ ያዕቆብ አይባል» ያለው ማን ነበር? ነቢዩ ሆሴዕ መልአክ ነው ይለናል። እንግዲህ መልአክ ራሱ በጎልማሳ ሰው ላይ ስም ይቀይራል። ሰውየው እያነከሰ ነው የሄደው፤ ይህቺን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

አባቶቻችን በአንድ ስም ተወልደው በአንድ ስም ተቀበሩ የሚለው ነጥብ ላይ ስደርስ ግን ሳቄ መጣ። አያቴ ትዝ አለችኝ።

አያቴ ያረፈች ቀን አስከሬኑ ቤተክርስቲያን ደርሶ፣ ፍትሐት ሊጀመር ሲል ቄሱ ዞር አሉና «ስመ ክርስትናዋ ማን ነው?» አሉ። ልጆቿ፣ የልጅ ልጆቿ፣ አሥራ ምናምን ሰው ቆመን እርስ በርስ ተያየን። እኛ «እታባ» ነው የምንላት። መታወቂያዋ ላይ ዘነበች ይላል። የአባቴ ወገኖች የሺመቤት ይሏታል፤ ሙሽራ ሆና ስትገባ አማቷ ያወጣችላት ስም ነው፣ በአገሩ ወግ። ከእነዚህ አንዱም ለቄሱ አይሆንም። ዝምታው እያስፈራ ሲመጣ ከኋላ አንዲት አሮጊት፣ የልጅነት ጓደኛዋ፣ ነጠላዋን ከአፏ ዝቅ አድርጋ «ወለተ ጊዮርጊስ» አለች። ቄሱም ቀጠሉ። ሰማንያ ዓመት ያለፋት ሴት፣ ፈረንጅ በቴሌቪዥን እንጂ በአካል አይታ የማታውቅ፣ አራት ስም ነበራት። ከአራቱ የትኛው ነው የውሸት?

ከአያቴ ትልቅ ሰው ካስፈለገም ሞልቷል። የቋራው ካሣ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ቴዎድሮስ ተብሎ ነው የነገሠው። ስሙን ዝም ብሎ አላነሳውም፤ ቴዎድሮስ የሚባል ፍትሕ የሚያመጣ ንጉሥ ይነሣል የሚል ትንቢት በአገሩ ሲነገር የኖረ ነው። በፈረሱ ስም ደግሞ አባ ታጠቅ ነው። ንጉሥ ተፈሪ መኮንንም ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ ሲጭኑ ኃይለ ሥላሴ የተባሉት በክርስትና ስማቸው ነው፤ አባ ጠቅል ደግሞ የፈረሳቸው። ራስ አሉላን አባ ነጋ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስን አባ መላ ሳይል የሚያወራ ሽማግሌ አለ? የወንድ ልጅ በ40፣ የሴት ልጅ በ80 ቀን ሁለተኛ ስም የሚሰጥ አገር ላይ ቁጭ ብሎ ሁለተኛ ስምን የፈረንጅ ፋሽን ማለት ይከብዳል። እኛ እንዲያውም በስም ብዛት ፈረንጁን ሳናስከነዳ አንቀርም።

ገበያ ስለሚሉት ነገር ግን ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዘዋል፤ እሱን ልቀበል። ትርጉሙ ሲጠየቅ አየር ላይ የሚያይ ዘፋኝ አይቻለሁ። ፖስተር ላይ ያምራል ተብሎ «ራስ»፣ «ልጅ»፣ «ንጉሥ» የሚለጠፍበትም ሞልቷል። አንድ ሰርግ ላይ የመድረክ መሪው «ራስ» እገሌን ሲጋብዝ አጠገቤ የነበሩ ሽማግሌ «የየት አገር ራስ ነው?» ብለው ጠይቀውኝ መልስ አጥቻለሁ። እንዲህ ያለው ስም ላይ ጸሐፊው ቢስቁ አብሬ እስቃለሁ።

ግን ከዚህ ተነስቶ «ሁሉም ካባ ነው» ማለት ሌላ ነገር ነው። የገበያን ስም ከእውነተኛው የምንለይበት ቀላል ጥያቄ አለ፤ ስሙ ሰውየውን ምን አስከፈለው? የሚለው።

ቦብ ማርሌን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1980 ኅዳር ወር መግቢያ ላይ፣ ካንሰር ሰውነቱን ከጨረሰው በኋላ፣ በአቡነ ይስሐቅ እጅ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተክርስቲያን ተጠመቀ። የተሰጠው ስም ብርሃነ ሥላሴ ነው። በዚያን ጊዜ «ቦብ ማርሌ» የሚለውን ስም ዓለም በሙሉ ያውቀዋል፣ አዲስ ስም ለገበያ አያስፈልገውም። ብርሃነ ሥላሴ በሚል ስም በሕይወቱ አንድም ሸክላ አልሸጠም። በግንቦት 1981 በ36 ዓመቱ ሲሞት ግን ሥርዓተ ቀብሩ የተፈጸመው በእኛው ቤተክርስቲያን ሥርዓት፣ በዚያው በአቡነ ይስሐቅ መሪነት ነው። ይሄ ስም ለየትኛው ገበያ ነው የወጣው?

ወይም እንግሊዛዊውን ዘፋኝ ካት ስቲቨንስን። የዚህ ሰው ነገር ለጸሐፊው ጥሩ ፈተና ነው፤ ምክንያቱም አንዱ ስሙ በእርግጥ የገበያ ነበር። ወላጆቹ ስቲቨን ጆርጂዩ ብለውታል፣ ካት ስቲቨንስን ለመድረክ ያዘው። በዚያ ስም ሚሊዮኖች ሸጠ። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1977 ሰለመ፣ በዓመቱ ዩሱፍ ኢስላም ተባለ። ዩሱፍን የመረጠው በቁርኣን ያለው የነቢዩ ዩሱፍ ታሪክ ልቡን ስለነካው ነው። ወንድሞቹ ጉድጓድ ጥለውት ገበያ ላይ የተሸጠ ልጅ ታሪክ ነው። ራሱን ገበያ ላይ ሲሸጥ ለኖረ ሰው ይህ ታሪክ ምን እንደሚል መገመት አይከብድም። ስሙን ሲቀይር ጊታሮቹን ለበጎ አድራጎት ሸጠ፣ የፖፕ ዘፈኑን ለብዙ ዓመታት ተወ። እ.ኤ.አ. በ2006 በአዲስ የፖፕ አልበም ሲመለስ «ዩሱፍ» ብሎ ነው የመጣው፤ ኋላ ደግሞ የድሮውን ስም ከጎኑ መልሶ አስቀመጠው። አዎ፣ በመመለሱ ውስጥ ገበያ የለም አልልም። ግን ገበያ ያወጣው ስም መጀመሪያውኑ ከገበያ አያስወጣም ነበር።

አሁን አቤል። ጸሐፊው ትልቁን ጥይታቸውን እዚህ ነው የተኮሱት፤ ሳያነጣጥሩ ቢሆንም። «ወደ አባቱ ስም ተመለሰ» ይላሉ። የልጁ ሙሉ ስም አቤል መኮንን ተስፋዬ ነው። አባቱ መኮንን ነው፤ ተስፋዬ አያቱ ነው! በእኛ አቆጣጠር «አቤል መኮንን» መባል ነበረበት። ካናዳ ተወልዶ የቤተሰብ ስም በሚሉት ሥርዓት ሲመዘገብ አባቱ ተዘልሎ አያቱ ቀሩ። ውጭ ያሉ ልጆቻችን ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው፤ ትምህርት ቤት በአያታቸው ስም ይጠራሉ። ስለዚህ «እውነተኛ» የተባለው ስም ራሱ በወረቀት የተቀየረ ስም ነው። ይሄ እንደ ቀላል አይታይ፤ ጽሑፉ በሙሉ የቆመው በአባት ስም ላይ ነውና።

ደግሞ ዘ ዊኬንድ የሚለው ስም ማንነቱን ለመደበቅ የወጣ አይደለም። በ17 ዓመቱ ትምህርቱን ጥሎ፣ በአንድ የሳምንት መጨረሻ ከቤት የወጣበትን ቀን ነው ስም ያደረገው። አንዷን ፊደል ያጎደላት በዚሁ ስም የሚጠራ የካናዳ ባንድ ስለነበረ ነው። ያደገው በእናቱና በአያቱ እጅ፣ አማርኛ እየሰማ ነው። በስሙ አፍሮ ቢሆን ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2015 ዓለምን ካዳረሱት ዘፈኖቹ በአንዱ መጨረሻ ላይ «የኔ ቆንጆ»፣ «የኔ ፍቅር» የሚል አማርኛ ባልሰማን። በ2023 ያንን ስም መተው እንደሚፈልግ ሲናገርም፣ የሚተወው ትልቁን ሀብቱን ነው። በስሙ ውስጥ የነበረው ከቤት የወጣው ልጅ አድጓል። ለእኔ ይህ የሚያሳየው ስም ዘመን እንዳለው ነው። ጸሐፊው «የመጀመሪያው ስም ብቻ ነው እውነት» ለማለት በዚህ መጠቀማቸው አልገባኝም።

እማሆይን ግን በአንድ አንቀጽ ማለፍ አልችልም። ጸሐፊው በሁለት መስመር ማለፋቸው ነው እንዲያውም ይህን ምላሽ ያስጻፈኝ።

በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ የተወለደች ልጅ ነበረች። አባቷ ከንቲባ ገብሩ ደስታ ናቸው። የወጣላት ስም የውብዳር፤ የውበት ዳርቻ፣ ከዚያ ወዲያ ውበት የለም እንደማለት። በስድስት ዓመቷ ከእህቷ ከስንዱ ጋር ስዊዘርላንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ገባች፣ ቫዮሊንና ፒያኖ ተማረች። ጣልያን ሲገባ ከቤተሰቧ ጋር ተግዛ በጣልያኗ አሲናራ ደሴት ታሰረች። ከነጻነት በኋላ ካይሮ ሙዚቃ ተማረች። ለንደን ሄዳ የመማር ዕድልም መጣላት። ግን አልተፈቀደም። ያን ጊዜ ምግብ አልበላም ብላ ተኛች፣ ለመሞት ደረሰች። ቆርባ ስትነቃ ሌላ ሰው ነበረች። ግሸን ማርያም ሄደች። መነኮሰችና ጽጌ ማርያም ተባለች። አሥር ዓመት ያህል በባዶ እግሯ።

እስካሁን «ተወለደች፣ ተማረች» እያልኩ ነበር። ከዚህ በኋላ አልችልም፤ «አሉ» ማለት አለብኝ። በአማርኛ የምንኩስና ስም ጠሪውንም ነው የሚቀይረው። የውብዳር «ነይ» ትባላለች፣ እማሆይ «ይምጡ» ናቸው። በሰፈራችን ልጇ የመነኮሰችባት አንዲት እናት ነበረች። ልጅቱ ከገዳም ለመጀመሪያ ጊዜ ስትመጣ እናትየው በሩን ከፍታ «ነይ ግ…» ብላ ቀጥ አለች። ትንሽ ቆማ፣ እንባዋ እየወረደ፣ «ይግቡ» አለች። ልጇን አንቱ አለቻት። ይህን በማስታወቂያ ድርጅት ማሠራት ይቻላል?

ጸሐፊው «ስሙን ገዳም ነው የሰጣቸው፣ አልመረጡትም» ላሉት፣ እውነት ነው። ልክ ናቸው። ግን መንገዱን የመረጡት እሳቸው ናቸው። አንድ ሰው ሲመነኩስ እኮ ጸሎተ ፍትሐት ነው የሚደረግለት፣ በቁሙ። ለሞተ ሰው የሚጸለየው ይጸለይለታል፣ ከዚያ ቆብ ይጭናል፣ አዲሱን ስም ይቀበላል። የሞተችው የውብዳር ናት። ያንን ወለል ላይ ተኝቶ የተቀበለ ሰው ስሙን አልመረጠም ማለት፣ ሙሽራ ቀለበቱን ሌላ ሰው ስላጠለቀላት አላገባችም እንደማለት ነው።

ስሙን ራሱን እንየው። የውብዳር የሚለው ስለ ባለቤቷ ነው የሚናገረው፤ ቆንጆ ናት ይላል። ጽጌ ማርያም ግን በግዕዝ አገባብ የተሰካ ስም ነው፤ አበባ ብቻ አይልም፣ የማርያም አበባ ይላል። ብርሃነ ሥላሴም፣ ወለተ ጊዮርጊስም እንደዚያው ናቸው። «ማን ነህ?» ለሚለው «የማን ነህ?» ብለው የሚመልሱ ስሞች ናቸው። በዚህ ላይ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለውን ዘመነ ጽጌን አስቡ። ምድሩ በአደይ ተሸፍኖ ማኅሌተ ጽጌ የሚቆምበት፣ የእመቤታችን ስደት የሚታሰብበት። ስደት! በልጅነቷ የተጋዘች፣ በኋላም ከ1970ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ ኢየሩሳሌም ደብረ ገነት ገዳም በአንዲት ጠባብ ክፍል ከፒያኖ ጋር የኖረች ሴት ስም ውስጥ ይህ ሁሉ አለ። (ይኸው «የኖረች» አልኩ። አፌን ይቅር በሉኝ።) በመጋቢት 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው እዚያው አረፉ። ሸክላ ሲያሳትሙም ገቢው ለችግረኛ ልጆች ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ ጸሐፊው ሸክላውን አገላብጠው ቢያዩት ኖሮ ርዕሳቸውን ይቀይሩት ነበር ብዬ አስባለሁ። ሽፋኑ ላይ ያለው «ጽጌ ማርያም ገብሩ» ነው። ገብሩ አባታቸው ናቸው። የራሳቸውን ስም ቀበሩት፣ የአባታቸውን አልጣሉም።

ከወቅቱ ካልወጣን የኦሮምኛ ዘፋኙን አሊ ቢራን ላንሳ። ወላጆቹ አሊ መሐመድ ሙሳ ነው ያሉት። ድሬዳዋ ላይ ከአፍራን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን ጋር መጀመሪያ የዘፈናት ዘፈን ስለ «ቢራ» ነበረች፤ በኦሮምኛ ቢራ ክረምቱ አልፎ ምድር የሚያብብበት ወቅት ነው፤ አማርኛውም «ብራ ሆነ» ይላል። ሕዝቡ ዘፈኗን ከልጁ ላይ አላወርድ ብሎ በዚያው ጠራው። ስም ያወጣለት ሰሚው ነው፤ እሱ ተቀበለ፣ እስኪያርፍ ተሸከመው። አንዷ በገዳም፣ አንዱ በመድረክ፤ ሁለቱም ከአንድ ወር አበባ ስም አገኙ። ጸሐፊው በወላጅ እና በገበያ መካከል ሌላ ስም አውጪ የለም ያሉ ይመስላሉ፤ አለ።

ለጸሐፊው ቁጣ ግን የሚገባ ቦታ አለ፣ እዚያ ቢያውሉት ደስ ይለኛል። በ1970ዎቹ ዓ.ም. በሱዳን በኩል እስራኤል የገቡ የቤተ እስራኤል ልጆች ብዙዎቹ በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ የዕብራይስጥ ስም ተሰጥቷቸዋል። ስማቸው ለአፍ ይከብዳል ተብሎ። አንዳንዶቹ ካደጉ በኋላ እናታቸው ያወጣችላቸውን ስም መልሰው ይዘዋል። ይህ የተለጠፈ ስም ነው፤ ያልታገሉለት፣ ማንም ያልጠየቃቸው። ያዕቆብ ግን ታግሎ ነው ያገኘው፣ እያነከሰ ነው የሄደው። እኔ ልዩነቱን የማየው እዚህ ላይ ነው።

ወደ ግብዣው ልመለስ። «እውነተኛ ስም ጻፉ» ብለዋል። አርቲስት ሳይሆን ከአያቴ ልጀምር ብዬ ሞከርኩና የመቃብሯ ድንጋይ ትዝ አለኝ። ሐውልት ሠሪው በፊደል ቁጥር ነበር የሚያስከፍለው። የቤተሰቡን ገንዘብ ቆጠርን፣ ለአንድ ስም ብቻ ይበቃል። ዘነበች ይሁን፣ የሺመቤት ይሁን፣ ወለተ ጊዮርጊስ ይሁን ተብሎ ድንጋዩ አጠገብ ቆመን ተጨቃጨቅን። ሠሪው መሮውን እንደያዘ ይጠብቃል። በመጨረሻ አጎቴ ኪሱ ገባና፣ ለታክሲ የያዛትን ጭምር አወጣ። ሦስቱም ተጻፉ፤ እታባ ብቻ ቀረች፣ እሷን በአፋችን እንጠራታለን ተባለ። እኔና አጎቴ በእግራችን ነው የተመለስነው።